ሁለት ኢንች

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ድንጋይ ተፈልጦ ባለቀበት ጉድጓድ፣
እሁድ እሁድ በጧት፣ ሲኖትራክ ሳይነሳ፣ ሳይደፈርስ መንገድ፣
ጋሽ ጉደታ መጡ፣ ቁልፍ እየቆጠሩ፤
ቆርቆሮ ቤቱን ከፍተው፣ በዘይት ጨርቅ ላይ ሁለት ብረት ደረደሩ።
«የዘንድሮው ድርሻሽ ከነዚህ አንዱ ነው» አሉና ዞረው አቀረቀሩ።

ሁለቱም ስድስት ጎራሽ፣ ያንድ እናት ልጆች፤
ያንዱ አፈሙዝ አራት፣
የሌላው ስድስት ኢንች።
ልዩነቱ ያውራ ጣት ቁመት ናት፣ ከዚያ አትበልጥም፤
ለእሷ ብዬ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፌ አልመጣም።

ኢንስፔክተር ላቀው «አጭሩን ያዢ» ይላል፤
«ሳህኖቹ ስድስት ናቸው፣ ሰዓቱ ይሮጣል፤
ረጅም አፈሙዝ እንደ ሙሽራ ነው፣ ዙሪ ሲሏት ቀሚሷ ይጎተታል፤
አጭሩ ግን ዓይንሽ ካረፈበት ቀድሞሽ ይገኛል።»

እውነቱን ነው። አየሁት በሰኔ ፈተና፤
ሳህን ጣልኩ በላይ በላዩ፣ ክንዴ ሳይዝል ገና።
ሃያ አምስት ሜትር ላይ ወረቀቱ ሲመጣ ግን፣ ያ ሁሉ ፉከራ ጣጣ፤
ቀዳዳዬ እንደ ፈንጣጣ እዚህም እዚያም ወጣ።

ጋሽ ጉደታ ቀለህ ይለቅማሉ።
የተናገሩት አንዴ ነው፣ እንዳጎነበሱ፦
«ግንበኛ ነበርኩ እኔ፣ ሳልቀጠር በፊት።
ሁለት ችካል አቀራርበሽ ገመድ ብትወጥሪ፣
መስመሩ መጣመሙን ዓይንሽ አይለይም፤
ስታራርቂያቸው ግን፣ ልጄ፣ ገመድ አይዋሽም።
ከኋላው ቁርጥ እስከ ፊቱ ጉጥ፣ ነገሩ ይኸው ነው።»

ረጅሙን አነሳሁት።
ከበደኝ። አፍንጫው ወደ መሬት ሳበኝ።
ነፋሱ ከየረር ወርዶ በጎኔ ሲገፋኝ፣
ያ ጥቁር ጉጥ በቁርጡ መሀል ሲዋልል አየሁት፣
በሩ የጠፋው ሰካራም ይመስል።
በአጭሩ እንዲህ አልነበረም። በአጭሩ እጄ የረጋ መስሎኝ ነበር።

እጄ ረግቶ አያውቅም፣
ካቻምና ቃሊቲ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣
ፊሽካዬን ነፍቼ ሳልጨርስ ሚኒባስ ከጣለኝ ወዲህ።
አንጓዬ ውስጥ ብረት አለ፤ ብርድ ሲሆን ይነዝረኛል።
የሐኪሙ ወረቀት «ድናለች» ይላል፣
አጭሩም አፈሙዝ «ድናለች» ይላል።
ረጅሙ ብቻ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ዓይኔ ሥር ነገረኝ፦
ትንቀጠቀጫለሽ።

ደግሞ ሌላም አለ። ሜዳው ራሱ አጥሯል።
ድሮ ሃምሳ ሜትር ነበር፣ እዚያ ባሕር ዛፉ ድረስ፤
አሁን ኮንዶሚኒየሙ ደርሶ፣ ከአፈር ክምሩ ጀርባ
የተሰጣ አንሶላ፣ የልጅ ሸሚዝ ይታያል።
«ላጠረ ሜዳ ረጅም ብረት ምን ይፈይዳል?» ይሉኛል።
ልክ ናቸው፤ መልስ የለኝም።
ከተማው በየዓመቱ አንድ ነገር ሲያሳጥርብኝ
እኔም አንድ ነገር ላስረዝም ብዬ ይሆን?
ወይስ እልህ ነው? እልህ ኢላማ መትቶ አያውቅም።

«ስንት ልጻፍ?» አሉኝ ጋሽ ጉደታ፣ እርሳሱን በምላሳቸው አርሰው።
«ስድስት።»
ቀና አሉ። «ማህደሩ ግን የአራት ነው፤ ለስድስት የተሰፋ የለንም።»

ሰኞ አቃቂ ገበያ፣ ጫማ ሰፊው ጋ ተቀመጥኩ፣ ባዶ ማህደሬን ይዤ።
«የታችኛውን ስፌት ፍታልኝ።»
ገለበጠው፣ አሸተተው። «ደህናውን ቆዳ!
ምን ሊወጣበት ነው?»
«ሁለት ኢንች።»
ሳቀ፤ ምላጩን አነሳ።
ክሩ ጠስ ጠስ እያለ ሲበጠስ
እጄን አየሁት፦ ጉልበቴ ላይ፣ እንደ ልማዱ።
ነጠላዬን ልጎትትበት ነበር፤
ተውኩት።