የተራራ ወረፋ

ተማም ነው ያሳተኝ፣ የመዝገብ ቤት ጓዴ፤
«ፀሐይ ስትወለድ እያት» አለኝ «አንዴ፤
ከማይጉዶ ራስ ላይ ያላየ ሰው አለ?»
ሰባት መቶ ብሬን ከእጄ ላይ ነጠለ።

ከጅማ መናኸሪያ በምሽት ተነሳን፣
ሦስት አውቶብስ ሙሉ፤ ለአንድ ፀሐይ በዛን።
ሰርቦ ላይ ካፊያ ነው፣ አሳንዳቦ ዶፍ፤
ሸለብ ሲያደርገኝ መስኮት ስደገፍ፣
ረዳቱ ጮኸ፦ «ናዳ! ናዳ! ወራጅ!»
ጭንቅላቴን ይዤ በሁለቱም እጅ
ከወንበር ሥር ገባሁ። ለካ ስም ነው ያገር።
እንዲህ ተሳቀብኝ፤ ጉዞው ሆነ በእግር።

ተራራ ሲሉኝ እኔ ዝምታ መስሎኝ ነበር፤
ሰልፍ ነው! ቁርጥ የቀበሌ ሱቅ በር፣
ዘይት መጣ የተባለ ለት።
ከፊቴ ተረከዝ፣ ከኋላዬ ትንፋሽ፣
ከሥሬ ቀይ ጭቃ፣ ጫማ እንደ ጉርሻ ጎራሽ፤
ግራ ጫማዬንም ውጦ አስቀረ፤
ጎንበስ ልል ስሞክር ሰልፉ ተማረረ።
አጋሮ፣ ሰካ፣ ሊሙ ሁሉ ነቅሎ መጥቷል፤
አንዱ ስፒከር አዝሏል፣ አንዱ ያስመልሳል፣
ሌላው ከግማሽ ላይ «ደረስኩ» ብሎ ይቀርጻል።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተማምን ጠየቅሁት፦
«ስንት ቀረን?» «ትንሽ።»
አሥር ሰዓት። «ትንሽ።»
አሥር ተኩል ላይ ያንን አፉን ጠላሁት።

ድንገት ከላይ በኩል «ካራ! ካራ!» የሚል ድምፅ፤
አንዲት እናት ናቸው፣ ድንች ያዘሉ፣
እኛ ሽቅብ፣ እሳቸው ቁልቁል ለገበያ።
የባትሪያችንን መስመር አዩት፣ ከታች እስከ ላይ፤
ከንፈር መጠጡና ጠየቁ በቀስታ፦
«ማን ሞቶባችሁ ነው?»
ተማም፦ «ማንም፣ እናቴ። ፀሐይ ልናይ ነው።»
ቆም አሉ።
«እናንተ ጋ አትወጣም?»

ጫፍ ላይ ጉም ነበረ። ጉም ብቻ፣ ወፍራም፣
እንደ አጃ ሾርባ።
ስልኩን ያልዘረጋ አንድ እጅ እንኳ የለም።
በአንዱ ባትሪ ብርሃን ተሳስቶ ሰው አጨበጨበ።
ከዚያ የሃምሳ ብር ሻይ፤ እሱም የቀዘቀዘ።
«አለች» አለ ተማም ጉሙን በጣቱ እየወጋ፣
«እዚያ፣ ከኋላ አለች።»

ሰኞ ጧት፣ ጅማ፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ
ጉብ ብላ አገኘኋት ያችኑ ፀሐይ፤
በተከመረው ፋይል ላይ እግሯን ዘርግታለች።
ተማም ተነሳና መጋረጃ ሳበ፤
«ዓይኔን ወጋችኝ» አለ።

ምንም አልመለስኩም።
ግራ ጫማዬ እስካሁን ወረፋ ላይ ነው።