ያልተቆጠረ ማይል

«ስሚኝ አክስቴ» አለ የወንድሜ ልጅ፣ ናሁሰናይ፣
ክር ጥቅል ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣
«በዓመት አራቴ ቻይና፣ ሁለቴ ቱርክ፣
ስድስት ዓመት ስትበሪ፣ ያለ ካርድ፣ ያለ ልክ፤
በረከሰልሽ ቁጥር አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣
ማይልሽ ተበትኖ ቀረ፣ እንደተፈታ ገበያ።
ሕጉ አንድ ነው፤ ቤትሽን እወቂ መጀመሪያ፤
ከደጅሽ ማን ይበዛል? የማን ነው ማረፊያ?
እሱን ያዢ፣ ጧት ማታ የሚነሣ፤
ካርዱንም የእሱን አውጪ፣ የሌላው ስም አይነሣ።»

«ቤቴማ» አልኩት «ጠባሴ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»
ሣቀብኝ፤ «ቦሌ በዪ፤ ጠባሴ ቅጽ ላይ አይገባ።»

ልዋሽ እንዴ? እኔ የማየው ዋጋ ነበር፣ ዋጋ ብቻ፤
የቅናሽ ወሬ መጥቶ ስልኬ ሲንጫጫ
እንደ ሠርግ ጥሪ ብድግ ነው። ከዚያ በሰው በረሃ
ስምንት ሰዓት ቁጭ፣ በብረት ወንበር፣ በውድ ውሃ።
ዘጠኝ ሺህ አተረፈችልኝ አንዷ ርካሽ ትኬት፤
ዐሥራ አራት ሺህ በላችኝ በትርፍ ሻንጣ ክብደት።
ክር ሲያዩት ላባ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ
እንደ አማት ይከብዳል፣ ሳይጠሩት እንደመጣ።
ይህን ለናሁሰናይ አልነገርኩትም።

ያልነገርኩት ሌላም አለ፦
ጥቅምት ላይ ነው፣ መንገዱ የተዘጋ ለት፤
ማሙሸት ሚኒባሷን ጫጫ ላይ አቆማት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ጭጋጉ የፊት መብራቱን እንደ ሻማ አፍኖት፣
ከፊት የመኪና ሰልፍ፣ ከኋላ የመኪና ሰልፍ፣ መሐል ላይ ዝምታ።
ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ የለም።
የእኔ ትኬት በሳምንት ሁለት ቀን ከሚመጣው ነበር፤
ቅዳሜ አመለጠኝ፤ ማክሰኞ ወንበር አልነበር፤
የክሩ ነጋዴ አልጠበቀኝም፤ ያንን ቀይ፣
የከሰል ፍም የመሰለውን ቀይ፣
ለሌላ ሸጠው።
ከጎኔ የአንጎለላዋ ሯጭ፣ ስንዱ፣ ለውድድር የምትሄድ፣
በእኛው አየር መንገድ፣
ስልክ ደወለችና ሣቅ አለች፤ «ነገም አለ አሉኝ፣
ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ» ብላ ቀኑን አሳየችኝ።
ያን ለት ገባኝ። ትኬት የሚገዛው ለዛሬ አይደለም ለካ፤
መንገዱ እንደ ሰማይ ድንገት በሚጠቁርበት አገር
የሚመረጠው ነገ ያለው ነው።

ቅጹን ሞላን። ካርዱ ስልኬ ውስጥ ገባ፣ ስሜን በአንድ ፊደል ስተው።
«ብር ደረጃ ስትደርሺ ሻንጣ ይጨመርልሻል፣
ወርቅ ስትሆኚ ሶፋና ሾርባ ይጠብቅሻል።»
«ከጠባሴ እስከ ቦሌ ያለውስ?»
«እሱማ አይቆጠርም።»
እኔው ቆጠርኩት፣ በክር መጠቅለያ ላይ፣ እስኪሄድ ጠብቄ፦
መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ፣ ስድስት ጊዜ፣ ስድስት ዓመት፤
ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ።
ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፤ ብርዱ እስከ አጥንት።

ማሙሸት ደረጃ የለውም። የልጁ የሒሳብ ደብተር አለው፣
በኋላው ገጽ በስሜ ጭረት ያሰምራል፤ ዐሥረኛዋ ሒሳብ የለው።
ፓስፖርቴን ረስቼ ከሸኖ የመለሰኝ ጊዜ
ጭረት አላሰመረም፤ «ያ የእኔ ነው» አለ።

ባለፈው ከቦሌ በር ስወጣ፣ ጋሪዬ እያነከሰ፣
ሦስት ሻንጣ፣ የአንዱ ዚፕ የፈረሰ፣
ስንት ኪሎ ነው አላለኝም።
አንሥቶ ጣሪያው ላይ ጣለና፣ ገመዱን እያጠበቀ፣
«ያንን ቀዩን ክር አገኘሽው?» ብሎ ጠየቀ።