ዓይነት የሚለው መስመር

ከኮምቦልቻ ደሴ መጣ፣ በሐሙስ ማለዳ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ማማ፣ ከማቀዝቀዣው ጓዳ፣
አንድ ብልቃጥ ውሃ፣ ዝገት የቀላቀለ፣
በሐረጎ ጥምዝምዝ ግማሹ የጎደለ።

ሉባባ ቀባችው እንደ ወጉ በቀለም፣
ወይን ጠጅ ሆነላት፤ መጠራጠር የለም፣
«ባክቴሪያ» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩኝ፣
ክብ፣ ጠብደል ያለ፤ ሻይ ልጠጣ ወጣሁኝ።

ሾርባ ሰጠነው፤ ሦስት ቀን ጾመ፣
ለሁለት ሳይከፈል እንዲያው ደርቆ ቆመ።
ምድጃ የለው፣ ድስት የለው፣ ጉልቻ፣
የሚያበስል በሰው ቤት ብቻ፤
አሜባዋ ዘንድ ገብቶ፣ ማጀቷን ወርሶ፣
ወጣ መቶ ሆኖ፣ ግድግዳዋን አፍርሶ።

ቫይረስ ነው እንግዲህ።
          ግን ቫይረስ ማለት፣
ተማሪ ሳለሁ የሸመደድኩት፣
በወንፊት ቀዳዳ የሚሾልክ ነበረ፤
ይሄ ከወንፊቱ ላይ እንደ ጠጠር ቀረ።
ለካ ስም ያወጣነው ለወንፊቱ ኖሯል።

ሩቅ አገር ያገኙት፣ የርሱን ታላቅ ወንድም፣
«አስመሳይ» አሉት አሉ፤ እኔ ግን አልወድም፤
መሰልኩ መች አለ? ስቶ ያየው ዓይኔ፣
ለሻይ የቸኮልኩት፣ የጻፍኩትም እኔ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ግዛት፣ ነገድ፣ መደብ፣
በመልኩ አይሆንም፣ ዘረመሉ ይነበብ።
ጥቂቱን ካሜባዋ ሰርቋል ሳትነቃ፣
ጥቂቱ የባክቴሪያ ነው፣ የውሰት ዕቃ፤
የቀረው እኩሌታ፣ ቢያፈላልጉለት፣
ዘመድ አልተገኘም ይሄ ነው የሚሉት።

ሉባባ ሳቀች። ሉባባ ገብረሕይወት።
ሰኞ ገበያ፣ መታወቂያ ያወጣች ለት፣
አዲሱ ጸሐፊ፣ ከሌላ አገር የመጣ፣
«አንዱ ስም ተሳስቷል» ብሎ ብዕር አወጣ።
«የቱ?» አለችው እሷ። ዝም አለ፤ ቆየ፣
ፎቶዋን አየ፣ ወንድሟን እንድሪስን አየ፣
ከጎኗ የቆመውን፣ መስቀል አንገቱ ላይ፤
ማኅተሙን መታላት፣ ሳይጠይቅ ከዚያ በላይ።

ቅጹን ሞላንለት። ወይስ ሞላንላት?
ስም፦ «ቦርከና»፤ በእርሳስ፣ ኮሚቴው ቢጠላት።
ዓይነት የሚለውን ሉባባ ዘለለችው፣
ብልቃጡን ከበረዶው ጎን ሸጎጠችው።

ጦሳን ጉም ዋጠው። መብራት ጥፍት አለ።
«ቢሞቅ ይሞትብናል» አልኳት።
«ማን» አለች በጨለማው፣ «ሕያው ነው አለ?»