ይርዳል

ወንድይራድ ብሎ ስም ሲያወጣልህ አባታችን፣
ወንድ ሁሉ እንዲርድ ነበር ከፊትህ፣ በደጃችን።
ይኸው ዘንድሮ
ማንኪያው ካፍህ ሳይደርስ ሾርባው ይፈስሳል።
ሐኪሙ «ኪኒኑ ይረዳል» ይላል።
ይረዳል፤
እጅህ ግን ይርዳል።

እኔ እቆጥራለሁ።
ጧት አንድ ነጭ፣ ማታ ሁለት ቢጫ፤
ከፈረቃ ወደ አንተ፣ ካንተ ወደ ፈረቃ፣ ሩጫ።
«ምላስህን አንሣ፣ ከሥሩ ልይ»፣
የናቴን ልጅ፣ ገበያ እንደ ወጣ ፈረስ፣ አፉን ከፍቼ ሳይ፤
አንተም ትከፍታለህ ዓይንህን ጨፍነህ፣
እንደሚቆርብ ሕፃን ታዝዘህ።

ቢላዋውን ገብስ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ፣
ሽንኩርት የምልጠው በጥርሴ፣ በጥፍሬ፤
ቁልፉ ካንገቴ ነው፣ ከማተቤ ጋራ፣
አንዱ አንዱን ሲመታ፣ ሌሊቱን ሲያወራ።

ጎረቤት ይጠይቃል፦ «ተሻለው ወይ?»
«ተመስገን» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል፣ ባጥር ላይ?
ጻድቃኔ ወስጄህ ሁለት ሱባዔ ተጠመቅህ፤
አማኑኤል ወስጄህ ወረፋው ውስጥ አንቀላፋህ፤
ካርዱ ላይ ከስምህ በታች «አስታማሚ» የሚል መስመር አለ፣
የኔ ስም እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራኝ የለ።
ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ሰውዬ
«በዘር ነው አሉኝ» ሲል ሰማሁት፣ ቆሜ፣ ዝም ብዬ።

የኅዳር ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳር
ውሻ እንኳ አይጮኽም፣ ድምፁ ይደርቃል ካፉ ዳር።
በሩ ሲጢጥ አለ።
መቆለፉን ረስቼው ነበር፤
ወይም ትቼው።
(ይህን ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርሁም።)
እርምጃህ ግቢውን ሲያቋርጥ ሰማሁ፤ አልተነሣሁም።
ራሴ የሸመንሁትን ብርድ ልብስ ወደ ፊቴ ሳብሁ።
«ይሂድ» አልሁ።
አንዴ፣ በለሆሳስ። ከዚያ ደገምሁ።
አንዲት ሌሊት ብቻ፣ ጆሮዬ ሳይቆም፣
እንደ ሰው ልተኛ።
ተኛሁ።
የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ መተኛቴ።
ደግሞ እንዴት ያለ እንቅልፍ! እንደ ልጅነቴ።

ሲነጋ አገኘሁህ በፋብሪካው በር፣
ቅንድብህ ላይ አመዳይ፣ ባንድ እግርህ ጫማ፣ በጅህ በትር።
ዘበኛው ጋሽ ሸዋቀና «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ፣
ግባና እሳት ሙቅ ብለው እንቢ፤ እዚሁ፣ ተገትሮ።»
አንተ ግን አየኸኝና ሳቅህ፦
«የሌሊት ፈረቃሽ ነው ብዬ፤
ጅብ አለ በዚህ፣ እታለሜ፣ ብቻሽን እንዳትመጪ ብዬ።»

ፈረቃዬ የቀን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የቀን።
«አዎ» አልሁህ፣ «አሁን መውጣቴ ነው።»
ጋሽ ሸዋቀና አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

እጅህን ያዝሁ። ይርዳል።
የኔም ይርዳል።
የትኛው የማን እንደሆነ
እስከ ጠባሴ ድረስ አልለየሁም።

ቤት ስንደርስ ቆጠርሁ፦ አንድ ነጭ።
ውኃ ሰጠሁህ። ዋጥህ።
ሳልጠይቅህ አፍህን ከፈትህ፣ ምላስህን አነሣህ፤
እኔ ግን አላየሁም።