ሦስተኛው ቃል

ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት፣ ሰባተኛ «ለ»፣
ቆርቆሮው በፀሐይ ተንጣጣ፣ ጋለ።
ስልሳ ሰባት ልጆች በሃያ ዴስክ ላይ፣
ግማሹ ወደ እኔ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ሲያይ፣
ጻፍኩኝ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣
«አይ ላይክ ሪዲንግ፣ ሲንጊንግ፣ ኤንድ ቱ ስሊፕ» የሚል ነበር።

«ምን ጎደለው?» ብዬ ዞርኩኝ ወደ ልጆች።
ዝምታ። የጠመኔ ብናኝ። አገጭ ላይ እጆች።
ጦይብ ከኋላ፦ «ቲቸር፣ እንቅልፉ ነው ጥፋቱ፣
መዝፈን እየወደደ ምነው መተኛቱ!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሄደ ያ ሰዓቱ።

ሕጉን ነገርኳቸው፣ ያው እንደ መጽሐፉ፦
በ«እና» የተያያዙ በአንድ ቅርጽ ይሰለፉ፤
ስም ከሆኑም ስም፣ ግስ ከሆኑም ግስ፣
አንዱ ሽርጥ አገልድሞ ሌላው ሱፍ አይልበስ።
ገለበጡት ሁሉም፤ ለማንም አልገባም።
«ገባችሁ?» «ገባን!» — ይህ የኅብረት ድምፅ አይረባም።

እኔን ያስተማሩኝ ደሴ ነው፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣
መምህር ሙሄ በማስመሪያ፣ መዳፌ እስኪቀላ ድረስ፤
ሕጉ እጄ ላይ ቀረ፣ ወደ ጆሮዬ ሳይደርስ።

መጽሐፉን ከደንኩ። እንግሊዝኛውን ተውኩ።
«ላም አለኝ በሰማይ...» ብዬ በረድ አልኩ፣
«...ወተቷን በተመለከተ ግን እስካሁን አልጠጣሁም።»
ሲጮሁ! ያን ክፍል እንዲህ ነቅቶ አይቼው አላውቅም።
«ኧረ ቲቸር አይደለም! ወተቷንም አላይ!»
«ታዲያ ማን አስተማራችሁ?» አልኩ፤ ክፍሉ ጣራ ሲያይ።
«ሥራ ለሠሪው» አልኩ፤ «እሾህ ግን፣ እንግዲህ፣ አጥር ለሚያጥር ሰው።»
ዴስኩን ደበደቡት፤ የኋላው ረድፍ ጆሮውን ያዘ፣ ልክ እንደሚያመው።
«ይኸው ነው» አልኳቸው። «ታውቁት ነበር ድሮ።
ሕግ ሳይወጣለት ይሰማዋል ጆሮ።»

ጦይብ ምሳሌ አወጣ፦ «እንደ ሐዲዱ ነው፣ ከጓሯችን እንዳለው፣
አንዱ ብረት ቢያፈነግጥ ባቡሩን የሚጥለው።»
«የቱን ባቡር?» አለች ዘሃራ ከመስኮቱ።
መልስ አልነበረኝም። ደወለ ሰዓቱ።

ለቤት ሥራ ሰጠሁ፣ ስለ ቤተሰብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣
ሦስት ቃል በአንድ ቅርጽ፣ በ«እና» የሚታሰር።
ማታ መብራት ጠፋ፤ በስልኬ ብርሃን ሳርም፣
«እናቴ ደግ፣ ቆንጆና ጎበዝ ናት»ን ስደጋግም፣
አርባ አንድ ደብተር ላይ፣ ከነስሕተቷ የተገለበጠች ያችኑ ደግ እናት
አርሜ ስጨርስ፣ ዘሃራን አገኘኋት፦

እናቴ ከጨርቃ ጨርቅ ስትመጣ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ፣
ደክሟት፣ ርቧት፣ እና ትስቃለች — እዚህ ጋ እስክሪብቶዬ ነቃ።
«ታየርድ፣ ሀንግሪ፣ ኤንድ ሺ ላፍስ» ይላል እንግሊዝኛው፤
በቀይ ከበብኩት፤ አፈንጋጩ ያው ሦስተኛው።
ከላዩ «ሃፒ» ጻፍኩ። ቀጥ አለ። ተስተካከለ።

በማግስቱ ዘሃራ፣ ደብተሯን ታቅፋ፣ ድምጿ ዝቅ እንዳለ፦
«ቲቸር፣ ደስተኛ አላልኩም። ትስቃለች ነው ያልኩት።»
ቆምኩ። ጠመኔውን በጣቴ መሃል ሰበርኩት።
«‹ላፊንግ› ብንለውስ?»
«እሱማ እየሳቀች ስትገባ ነው።
እሷ መጀመሪያ ዝም ነው የምትለው፤
ጫማዋን ታወልቃለች፣ ከጆሮዋ ጥጡን ታወጣለች፣
የማሽኑ ድምፅ ከራሷ እስኪወጣ ግድግዳ ታያለች፣
ከዚያ ትስቃለች።»
ግሶቿ በተርታ ቆመው አፈጠጡብኝ፣
ያ ቀጥ ያለው «ሃፒ» የኔው ጠማማ ሆነብኝ።

እስክሪብቶዬን ወሰደች። «ኤንድ»ን ወደ ኋላ ሳበች፣ ከ«ሀንግሪ» አጠገብ ነጥብ አኖረች፣
«ሺ ላፍስ»ን ለብቻው፣ የራሱ በር ያለው ቤት ሰጥታ አሳደረች።

አሥር ካሥር ሰጠኋት። ዴስኳ ጋ ሳትደርስ ጠራኋት፦
«በፈተናው ላይ ግን ‹ሃፒ› የሚለውን አክብቢ» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች።
ከዚያ ሳቀች።