ጎረቤቱን የሚጠይቅ ወለል

ኦስትራቫ፣ ስድስተኛ ፎቅ። የሕንፃው አሳንሰር
ከጥቅምት ጀምሮ ቆሟል፤ በሩ ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት እንጂ የለም ሌላ ነገር።
እናታችን ዝደንካ ድንች ተሸክማ
ሦስተኛው ፎቅ ደርሳ ትቆማለች ደክማ።
ወንድሜ ራዲም ግን፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ፣
አሳንሰር ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ፊቱ፤
በጥቁር ሜዳ ላይ ነጭ መስመር አስምሮ፣
እንደ ጭልፊት ከላይ ቁልቁል አቀርቅሮ።

ጨዋታው አርጅቷል፤ እኩዮቹ ትተውት አዲስ ገዝተዋል።
ጠመንጃው፣ ጭራቁ፣ ደም የነካው ኮሪደር እሱንም ሰልችቶታል።
የቀረው ፍቅሩ አንድ ነው፦
የሚወጣና የሚወርድ ነገር።

"በር የሚባል የለም" አለኝ አንድ ማታ፤
"ጣሪያ ነው፣ ወለል ላይ የተኛ ለአፍታ።
ስትነኪው ይነሣል፣ ስታልፊ ይወድቃል፤
ከሥሩ ከዘገየሽ፣ ያው፣ ይጨፈልቃል።"
መቃኑን በቦታው ካልቸነከሩት ደግሞ
ከበሩ ጋር አብሮ ሽቅብ ይሳባል፤
ግድግዳው ቀሚሱን ሰብስቦ ወንዝ የሚሻገር ይመስላል።

አሳንሰሩማ የራሱ ሐሳብ የለው፤
"ውረድ" ሲሉት ዙሪያውን ነው የሚያስተውለው።
ከጎረቤት ወለል ዝቅ ያለውን መርጦ
እዚያ ድረስ ይወርዳል፤ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል ሮጦ።
ጎረቤቱ ሁሉ ከእሱ እኩል ከሆነ
ያጉረመርምና ባለበት ደነደነ።

መስመርና ወለል የሚተዋወቁት በቁጥር ነው።
ሰባት ያሉት መስመር ሰባትን ይጠራል፤
ሰባት "አቤት" ይላል።
አንድ ሌሊት ራዲም እንቅልፍ አዳፍቶት፣
ቁጥሩን ሳይሞላ ዜሮ ላይ ትቶት፣
መጫኛውን ሲነካ
ስም ያልወጣለት ሁሉ የተጠራ መስሎት ለካ፣
አደባባዩ፣ ደረጃው፣ ጭራቆቹ የቆሙበት፣
አንድ ላይ "አቤት" ብሎ ሰመጠ መሬት።

እኔ ሳቅሁ። ራዲም ፀጉሩን ያዘ።
ሶፋው ላይ አባታችን ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

አባታችን ቦሁሚር፣ ሃያ ሁለት ዓመት መዘውር ያዘወረ፣
ሰው ወደ ከሰሉ ሲያወርድ፣ ሰው ሲያወጣ የኖረ፤
የጉድጓዱን አፍ በኮንክሪት ሲደፍኑት
የራሱንም አፍ ነው አብረው የከደኑት።
ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ያየዋል።

"ፈጠነ።"
ዞር አልን። በካልሲው መጥቶ ከኋላችን ቆሟል።
"እንዲህ ካወረድከው ሆዳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ይቀራል፤
እናቴን ሳይቀር ነበር የሚሰድቡልኝ።
ሦስት ሰከንድስ ለማን ነው? ሃያ ሰው ነው የሚገባው፤
ከእነሱም አንዱ መቀርቀሪያው ጓንቱን የሚይዝበት አይጠፋም።
ደወሉስ?"
ራዲም ደወል የለም አለ። ያለው የጭራቅ ጩኸት ነው።
"ደወል የሌለው ቀፎ ላይ ማን ይሳፈራል?
አንዴ ሲመታ ቁም፤ ሁለቴ፣ ወደ ላይ፤ ሦስቴ፣ ወደ ታች።
ይህን የማያውቅ ያስጨርሳል።"

ወንበር ሳበ። ፍጥነቱን ከሠላሳ ሁለት ወደ ስምንት አወረዱት፣
ስምንትም በዛ ተባለና ወደ ስድስት።
የዘንጉን ግድግዳ በዝገት ቀለም አለበሱት፤
"ውኃ ይወርድበታል ይሉ ነበር" አለ፣ እና ውኃ የሚመስል ነገር ፈልገው አጡ፤
አረንጓዴ አተላ ነበር ያለው፣ እሱን ቀቡት።

ከዚያ ራዲም ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት።
አሳንሰሩ ወረደ። ዝገቱ ሽቅብ አለፈ፣ አለፈ፣ አላልቅ አለ።
ታች ደረሰ። ከጨለማው አንድ ነገር አጉረመረመ።
"ውጣ እንጂ አባባ፣ ጠመንጃ አለህ!"
አልወጣም።
"መዘውሩ ያለው ከላይ ነው" አለ፤ "እኔ አንድም ቀን አልወረድኩም።
ግድግዳው እንዲህ ነው እንዴ የሚያልፈው?"

ጭራቁ እየቀረበ ነው፤ እግሩ ይሰማል።
አባታችን ጠመንጃውን ረስቶት፣
በጣቱ ጠረጴዛውን
ሁለቴ መታ።