የኒሟ ድርሻ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፀሐይ ተጣልቼ ኖሬ፣
በጋላፊ መንገድ ግራ ክንዴ ከስሎ፣ መሪ ጨብጬ አድሬ፣
ዛሬ በጡረታዬ ልታረቃት ብዬ ሽማግሌ ልኬ፣
«ግቢ» አልኳት ከጣሪያዬ፣ ቆርቆሮዬን አንጥፌ፣ ተንበርክኬ።

ሽማግሌው ግን ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣
ከቦኩ ሸነን በእግሩ የመጣ፣
ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ መሰላል በጀርባው ያዘለ።
«ኢፋ ነው ስሜ፤ ብርሃን ማለት» አለኝ ጣሪያው ላይ እየወጣ።

ሁለት ጥቁር መስታወት፣
አንድ ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተር፣
ገመድ፣ ቀይና ጥቁር፣
እና ግድግዳ ላይ አንዲት ሣጥን፣ የፀሐይን ሥራ የምትቆጥር።

ዋጋውን አልናገርም። ልጄ ብትሰማ ታብዳለች፤
«የባጃጅ ቀብድ ነበር እኮ! ጃጅተሃል አባባ» ትላለች።

እሷ የት ታውቀዋለች የአዳማን ሌሊት በሚያዝያ፣
መብራት ሄዶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ጆሮዬ የትንኝ ገበያ፣
አንሶላዬን ውኃ ነክሬ በረንዳ ላይ ተጋድሜ፣
ከኮረብታው ጫፍ እነዚያን ነጫጭ ባለሦስት ክንዶች፣
ነፋስ ሲቀዝፉ እያየሁ፣
የጎረቤት ሠርግ እንደሚያልፍበት ሰው፣ ከአጥሬ ሥር በጨለማ ቆሜ።

ኢፋ ለካ፣ ደግሞ ለካ።
«ወደ ደቡብ ትንሽ ትዘንበል፣ ዝናብ አቧራዋን እንዲያጥብላት፤
ዝናብ ከጠፋም በማለዳ፣ ሳትግል በፊት፣ በጨርቅ ይጠቧት፤
በቀትር ግን አደራ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይደፉባት።»

ከዚያ ዞር ብሎ አያት። ኒሟን።

«ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ጥላዋ ፓኔሉ ላይ ይተኛል፤
አባባ፣ ጥግ እንኳ ሲጨልም፣ ጉልበቱ ሁሉ ይከዳል።
ትቆረጥ። መጋዝ ይዣለሁ።»

እኔ ዝም።

እሱ ምን ያውቃል፣ አስካለ በወተት ጣሳ፣
ከወንጂ መንገድ ዳር ችግኟን ያመጣቻት፣
የልብስ እጣቢ እያጠጣች፣
ከሰፈር ፍየል ሁሉ ተጣልታ ያሳደገቻት፣
«ከዚያ ከእሳት ስትመለስ ራስህን ታሳርፍባት» ያለቻት።

ከሰርዶ ገብቼ፣ መኪናውን ከደጅ አቁሜ፣ ሞተሩ ገና ሳይበርድ፣
ከሥሯ ነበር የምዘረረው፤
አስካለ «ዘይት ያፈሳል ይሄ መኪና» እያለች በላቤ ስትቀልድ።

ከሄደች ሁለት ክረምት ሆናት።
ለኒሟ ግን መርዶ ያረዳት የለም፤
ዛሬም በየጠዋቱ ጥላዋን ታነጥፋለች፣
እንግዳ እንደሚመጣባት።

«ኢፋ» አልኩት፣ «መጋዝህን ወደ ከረጢትህ መልስ።»
«ኪሳራ ነው አባባ፣ ይቆጥሩታል ቀስ በቀስ።»
«ኪሳራስ እኔን ያውቀኛል፤
ሚሌ ላይ ሁለት ጎማ በአንድ ቀን ፈንድቶብኛል።»

ራሱን ነቀነቀ። ከከንፈሩ ብሎን ወደቀ፣
በቆርቆሮው ተንከባሎ ግቢ ውስጥ ጠፋ፤
ስንፈልገው መሸ።
በማግስቱ መጥቶ ፓኔሎቹን ሁለት ክንድ ወደ ምዕራብ ገፋ፣
ግማሽ ሰዓት አስመለሰልኝ።
አንዱ ሰዓት ግን ቀረ።

ይኸው አሁን ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ያንጎራጉራል።
መብራት የሄደ ማታ የዘሀራ ልጆች ስልክ ሰብስበው ይመጣሉ፤
ስምንት ስልክ በአንድ ማከፋፈያ፣
ጡት እንደያዙ ጥጆች ፀጥ ይላሉ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ወንበሬን በመስኮቱ ትይዩ አደርጋለሁ፣
ከኒሟ ሥር ሆኜ የሣጥኗን ቁጥር አያለሁ።
ሁለት መቶ ሰማንያ።
መቶ አሥር።
አርባ።
ከተማው በሙሉ እየነደደ የእኔ ጣሪያ ደመና ሆኗል፤
ኢፋን አልጠራም። የሚጠገን ነገር የለም።
ድርሻዋን እየወሰደች ነው።

ቅጠል ጭኔ ላይ ያርፋል። ላብ በአንገቴ ይወርዳል።
ዘይት ያፈሳል ይሄ መኪና።